የፔፕታይድ ድብልቅ ምንድን ነው?

ፔፕታይድ ጥቂት አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው፤ በጣም ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል። በቆዳ ውስጥ ያለው ኮላጅን (ቆዳን አጽንቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ሲበጣጠስ የሚወጡት ቁርጥራጮችም ፔፕታይዶች ናቸው። ሴሎች እነሱን ሲያገኙ ጉዳት መኖሩን አውቀው ጥገና ይጀምራሉ። ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ) ውስጥ የሚጨመሩት ይህንኑ መልእክት እንዲያደርሱ ነው።

ድብልቅ ማለት ከአንድ በላይ ፔፕታይዶች በአንድ ላይ ሲቀርቡ ነው፤ ጥቅም የሚኖረውም አባላቱ የተለያየ ሥራ ሲይዙ ነው። የመዳብ ፔፕታይድ (ጂኤችኬ-ሲዩ) በ1973 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ሎረን ፒካርት ከሰው ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) የለየው ባለ ሦስት አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ መዳብ ይዞ ሲገኝ ነው፤ የቁስል መዳንን ይደግፋል። ማትሪክሲል የተባለው ፔፕታይድ ኮላጅን እንዲመረት ይቀሰቅሳል፤ ቆዳን ዘልቆ እንዲገባም የስብ አሲድ ተቀጥሎለታል። አርጂረሊን የተባለው ፔፕታይድ ደግሞ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን ምልክት ስለሚያለዝብ ለግንባር መስመር ይመረጣል፤ ጡንቻን ከሚያዝናናው የቦቶክስ መርፌ ጋር ግን በአቅም አይወዳደርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመዳቡን ሴረም ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲደርብ ነው። መዳብ ቫይታሚን ሲን ቶሎ ያበላሸዋል፤ የቫይታሚኑ አሲድነትም በበኩሉ መዳቡን ከፔፕታይዱ ያላቅቀዋል። በአንድ ቅብ ሁለቱም ጥቅማቸውን አጡ ማለት ነው። ስለዚህ ቫይታሚን ሲን ጠዋት ከፀሐይ መከላከያ በፊት፣ መዳቡን ማታ ይቀቡ። ግላይኮሊክ አሲድ (የቆዳን የላይ ሽፋን የሚልጥ አሲድ) የሚቀቡበት ምሽትም ለብቻው ይሁን። ከመዳቡ ሴረም ነጭ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርገው ይመልከቱ፦ ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ መዳቡ ከፔፕታይዱ ጋር እንዳለ ነው፤ ወደ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከዞረ ይጣል።

ለመላው ፊት ከ3 እስከ 4 ጠብታ ይበቃል። መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለተከታታይ ቀናት ይሞክሩት፤ ሁለተኛውን ምርት የሚጨምሩት ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ከጀመሩ ያሳከከዎት የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ለውጥ ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠብቁ።

በመርፌ የሚወሰደው ድብልቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ግሎው» እየተባለ የሚሸጠው ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊግራም ጂኤችኬ-ሲዩ፣ 10 ሚሊግራም ቢፒሲ-157 እና 10 ሚሊግራም ቲቢ-500 ይይዛል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ጉዳት ያድናሉ ተብለው የሚሸጡ ፔፕታይዶች ናቸው። መጠኑ የተቆለፈ ነው፤ ቢፒሲን በ1 ሚሊግራም ለመጨመር የፈለገ ሰው ሳይፈልገው 5 ሚሊግራም የመዳብ ፔፕታይድ ይወስዳል። ሦስቱ አብረው ሲወጉ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርጉ የሚያሳይ አስተማማኝ ጥናት የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. ቢፒሲ-157ን የደህንነት ስጋት ካለባቸው የመድኃኒት ቅመማ ግብዓቶች ተርታ መድቦት ነበር፤ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የሰውነት መከላከያ መቆጣትና በምርት ጊዜ የሚቀር ቆሻሻ ይገኙበታል። ክሬም ላይ ያለ ቆሻሻን ቆዳ ሊገታው ይችላል፤ በመርፌ የገባውን ግን የሚያስቆመው የለም።

ለሯጮች ደግሞ ተጨማሪ አደጋ አለው። ቢፒሲ-157ም ሆነ ቲቢ-500 በዓለም አቀፉ ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ የተከለከሉ ናቸው፤ የተጎዳ ጅማት ለማዳን ተብሎ የተወጋ መርፌ እስከ 4 ዓመት ከውድድር ሊያሳግድ ይችላል።