ለቮና ምንድን ነው?

ለቮና በዕብራይስጥ ዕጣን ነው፤ ሆኖም የሚጨስ ሁሉ ለቮና አይባልም። ቃሉ የአንድ የዛፍ ወገን ሙጫን ብቻ ይጠራል። ቅርፊቱ ሲፋቅ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ጠብ ጠብ ያለ ፍሬ ይሆናል። ስሙም «ነጭ» ከሚለው ሥር የመጣ ነው፤ በረዶ የሚለብሰው የሊባኖስ ተራራም ስሙ ከዚሁ ሥር ነው። በትግራይና በመተማ የሚለቀመው የእኛ ዕጣን የቅርብ ዘመዱ ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 የተጠቀሰው የመገናኛው ድንኳን ዕጣን ግን ቅመም ነው። በዕብራይስጥ ቅጦሬት ይባላል፤ ለቮና ከሌሎች ሽቶዎች ጋር በእኩል ሚዛን ይገባበታል። ያንን ቅመም ለራሱ ለማሽተት የሚሠራ ሰው ከሕዝቡ እንዲለይ ታዝዟል።

ለብቻው ሲሆን የለቮና ቦታ በዱቄት ላይ ነው። የእህል ቍርባን የሚያቀርብ ሰው በመልካም ዱቄት ላይ ዘይት ያፈስሳል፣ ለቮና ይጨምራል። ካህኑ ከዱቄቱ አንድ እፍኝ ብቻ ይዘግናል፤ ለቮናውን ግን አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ያነሣና በመሠዊያው ላይ ያጨሰዋል። የተረፈው ዱቄት የካህናቱ ምግብ ነው። በእግዚአብሔር ፊት በገበታ ላይ በሚቀመጠው ኅብስተ ገጽ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ዐሥራ ሁለቱ ኅብስቶች ፈጽሞ እሳት ላይ አይወጡም፤ ካህናቱ ይበሏቸዋል። በእነርሱ ፈንታ ወደ እሳት የሚገባው በላያቸው የተቀመጠው ለቮና ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም «መታሰቢያ» ይለዋል።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ግን የማይጨመርበት ቦታ ነው። ሁለት ርግብ እንኳ መግዛት ያቃተው ድሃ ለኃጢአቱ የኢፍ መስፈሪያ ዐሥረኛ እጅ ዱቄት ያመጣል፤ ዘይትም ለቮናም የለበትም። ዋጋው ስለሚከብደው ነው እንዳንል፣ ሚስቱን የጠረጠረ ባል በሚያመጣው የገብስ ዱቄት ላይም ሁለቱም ተከልክለዋል፤ እርሱ ደግሞ የግድ ድሃ አይደለም። ስለዚህ ለቮና የደስታ ቍርባን ምልክት ነበር ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ኃጢአትን የሚያስታውስ ቍርባን መልካም መዓዛ አይገባውም።

ዋጋው ውድ መሆኑ ግን እውነት ነው። ዛፉ በይሁዳ አይበቅልም፤ ሙጫው ከደቡብ ዐረብ በግመል ቅፍለት ይመጣ ነበር። ነቢዩ ኤርምያስም ሕዝቡ ሕጉን ጥሎ ከሳባ ዕጣን ማስመጣቱ ምን እንደሚጠቅመው በቁጣ ይጠይቃል።

ከመጽሐፉ ውጭም ማስረጃ አለ። በደቡብ እስራኤል በሚገኘው የኔጌቭ በረሃ፣ በቴል አራድ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የይሁዳ ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተቆፍሮ ወጥቷል። በቅድስተ ቅዱሳኑ መግቢያ የቆሙት ሁለት የድንጋይ መሠዊያዎች ላይ የቀረው ጥቁር ቅሪት ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። በትልቁ ላይ ለቮና ከእንስሳት ስብ ጋር ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹ ስቡ የተጨመረው ሽታው በደንብ እንዲወጣ ነው ይላሉ። በትንሹ ላይ የተገኘው ካናቢስ ሲሆን፣ ስለ እርሱ ኦሪት አንዲት ቃል አልተነፈሰም።