ሜተድ አክቲንግ ምንድን ነው? ስለ ጆከር በተወራ ቁጥር ያለ ቦታው የሚገባው ቃል

ስለ ጨለም ያሉ የልዕለ ጀግና ፊልሞች፣ በተለይም ስለ ባትማን ባላንጣ ስለ ጆከር፣ አስተያየት በተሰጠ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር አይቀርም፤ «ሰውየው ሜተድ አክተር ስለሆነ ነው እንደዚያ የሆነው»። «እንደዚያ» የተባለው ነገር ግን ይለያያል። አንዴ 24 ኪሎ መቀነስ ነው፤ አንዴ ከካሜራ ውጭ የሥራ ባልደረቦችን ማስፈራራት ነው፤ አንዴ ደግሞ፣ ከሁሉም የከፋው፣ ሞት ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ሦስቱንም በአንድ አንቀጽ ደርድሮ «ሜተድ ማለት ይኼ ነው» ብሎ ዘጋው። ከሦስቱ አንዱም ሜተድ አይደለም።

ሜተድ ተዋናይ የሚዘጋጅበት ዘዴ ነው፤ ቦታውም የልምምድ ክፍል ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቲያትርን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ነው (ሌሎቹም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ገባ። በ1931 በተቋቋመው ግሩፕ ቲያትር ውስጥ ሊ ስትራስበርግ ከስታኒስላቭስኪ ትምህርት አንዱን ክፍል፣ የስሜት ትውስታን፣ አንስቶ የሥልጠናው እምብርት አደረገው። ከ1951 ጀምሮ እስኪሞት፣ እስከ 1982፣ በመራው አክተርስ ስቱዲዮም ዘዴው በዓለም ታወቀ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ሥራው ላይ ነው።

አንድ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አስቡ። ተዋናዩ በሕይወቱ ያየው፣ የሰማው፣ የዳሰሰው፣ ያዘነበትና የፈራበት ሁሉ ከታች ተጠራቅሟል። ውኃው አለ። ችግሩ ዳይሬክተሩ «ጀምር» ባለበት ቅጽበት ወደ ላይ አለመምጣቱ ነው። ሜተድ ገመዱና ባልዲው ነው፤ በተፈለገ ጊዜ፣ በተፈለገው መጠን ለመቅዳት። ቀጂው ደግሞ እግሩ መሬት ላይ ነው።

ሥራው ከወንበር ይጀምራል። ተዋናዩ መደገፊያ ክንድ በሌለው ወንበር ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል የተወጠረ ጡንቻ ይፈልጋል። ስትራስበርግ በተለይ የሚመረምራቸው ቦታዎች ነበሩ፦ በዓይንና በጆሮ መካከል ያሉት የግንባር ጎኖች፣ በአፍንጫ ድልድይና በዓይን ቆብ ዙሪያ ያለው አካባቢ፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍና አገጭ የሚወርዱት ጡንቻዎች፣ እንዲሁም ማጅራት። የተወጠረ ሰውነት የተቋጠረ ገመድ ነው፤ መሃል መንገድ ላይ ይያዛል። ጀማሪዎች ይህን ክፍል እንደ ማሟሟቂያ ቆጥረው በአምስት ደቂቃ ይዘሉታል፤ በኋላ «ስሜቱ አልመጣልኝም» ብለው ሲያማርሩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚሁ ወንበር ላይ የቀረ ነው።

ቀጥሎ የስሜት ሕዋሳት ትውስታ ይመጣል። የመጀመሪያው ልምምድ በጠዋት የሚጠጣ ትኩስ ነገር የያዘ ስኒ ነው፣ ያለ ስኒ። ክብደቱ የትኛው ጣት ላይ ያርፋል? ሙቀቱ መጀመሪያ የሚሰማው መዳፍ ላይ ነው ወይስ ጣት ጫፍ ላይ? እንፋሎቱ አፍንጫ ጋ ሲደርስ ምን ይሸታል? ዋናው ስህተት መጠጣቱን በምልክት ማሳየት ነው። ልምምዱ ለተመልካች የሚቀርብ ትርኢት ሳይሆን ምርመራ ነው። ተዋናዩ እያንዳንዱን ጥያቄ ለቆዳው ይጠይቃል፤ መልስ ካልመጣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

የስሜት ትውስታ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አስተያየት ሰጪዎች «የራሱን ሐዘን አስታውሶ አለቀሰ» የሚሉት ይህንን ነው። ነገር ግን ልምምዱ ሐዘኑን ራሱን በፍጹም አይጠራም። የሚጠየቀው ዙሪያው ነው፦ ያኔ ምን ለብሰህ ነበር? ጨርቁ ቆዳህ ላይ ምን ይመስል ነበር? ብርሃኑ በየት በኩል ይገባ ነበር? ምን ድምፅ ይሰማ ነበር? ዝርዝሮቹ በትክክል ከተነኩ ስሜቱ ተከትሎ ይመጣል። ስሜቱን ፊት ለፊት ያሳደደ ግን የሚያገኘው የታመቀ ትንፋሽና የተጨማደደ ግንባር ብቻ ነው። ስትራስበርግ የሚመረጠው ትውስታ ቢያንስ ሰባት ዓመት ያለፈው እንዲሆን ያዝዝ ነበር። አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃው ድፍርስ ነው፤ ቀጂውንም ጠርዙ ሊናድበት ይችላል። በዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቅ የሚነገር ማሳሰቢያ አለ። የትወና አስተማሪ የአእምሮ ሐኪም አይደለም። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ያንን ጉዳት ብቻውን፣ ከመጽሐፍ በተነበበ መመሪያ፣ ለልምምድ ማውጣት የለበትም።

እንግዲህ ገጸ ባሕርይውን ለወራት ሳያወልቁ መኖር ከዚህ የት ይገባል? የትም። ስትራስበርግ ያስተማራቸው ልምምዶች የሚያልቁት ልምምድ ክፍሉ ውስጥ ነው። ገመዱ የኖረው ሰው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይዘል ነው። በገጸ ባሕርይው ውስጥ ቆይቶ በመሥራት ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ዳንኤል ዴይ ሉዊስ የሠለጠነው በእንግሊዙ የብሪስቶል ኦልድ ቪክ ቲያትር ትምህርት ቤት ነው። ለባልደረቦቹ የሚያስፈራ ስጦታ የሚልክ ተዋናይም ምናልባት ለራሱ የሚሠራለት ነገር አግኝቶ ይሆናል፤ ሆኖም የላከው ነገር የማንም ትምህርት ክፍል አይደለም። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ፈቃድ ሲጠየቁ ነው ልምምድ የሚባለው።

ክብደትም እንዲሁ። ዋኪን ፊኒክስ ለ2019ኙ «ጆከር» 52 ፓውንድ፣ ወደ 24 ኪሎ፣ ቀነሰ። ክርስቲያን ቤል ለአንድ ፊልም እስከ 55 ኪሎ ገደማ ወርዶ በወራት ውስጥ የ2005ቱን ባትማን ሰውነት ገነባ። ይህ የአካል ለውጥ ይባላል፤ ውኃው የሚቀርብበት ዕቃ ቅርጽ ተቀየረ ማለት ነው። የዕቃው ቅርጽ ብዙ ነገር ይሠራል። የፊኒክስ የትከሻ አጥንት መውጣት፣ የአካሄዱ ቅለት፣ ጀርባው ሲታጠፍ የጎድን አጥንቱ መቆጠር በየትዕይንቱ ይናገራሉ። ዋጋም አለው። ረሃብ እንቅልፍን ይረብሻል፣ ቃለ ተውኔት ማስታወስን ያከብዳል፤ ራሱ ፊኒክስም አእምሮው ላይ ጫና እንዳሳደረ ተናግሯል። አምራቾች ደግሞ ሌላ ራስ ምታት አላቸው፤ ተዋናዩ ክብደቱን ከመለሰ በኋላ የጎደለ ትዕይንት ድጋሚ ይቀረጽ ቢባል ሰውየው ከቀድሞው ምስል ጋር አይገጥምም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ከዚያው ከግሩፕ ቲያትር የወጡት ሰዎች እርስ በርስ አልተስማሙም። ስቴላ አድለር በ1934 ፓሪስ ላይ ስታኒስላቭስኪን ራሱን አግኝታ ስትመለስ የስሜት ትውስታን ዋና ማድረግ ስህተት ነው አለች። ለእሷ ቁልፉ ምናብና በድርሰቱ የተሰጡት ሁኔታዎች ነበሩ፤ ዝናብ እየዘነበ ለምን ጉድጓድ ውስጥ ትወርዳለህ እንደማለት ነው። ሳንፎርድ ማይዝነር በበኩሉ ውኃው ያለው ፊት ለፊትህ በቆመው ተዋናይ እጅ ነው፣ እሱን ስማ፣ አለ። «ሜተድ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ሦስት ተቃዋሚዎችን በአንድ ወንበር ማስቀመጥ ነው።

አሁን በ«ዘ ዳርክ ናይት» ፊልም ጆከርን ወደ ተጫወተው ወደ ሄዝ ሌጀር። «ሜተድ አክቲንግ ገደለው» የሚለው አባባል እውነታውን ሁለት ጊዜ ያዛባል። በ2008 ጃንዋሪ 22 በ28 ዓመቱ ሲሞት የ«ዘ ዳርክ ናይት» ቀረጻ አልቆ ሌላ ፊልም ላይ ነበር። የኒው ዮርክ ከተማ የአስከሬን መርማሪ ቢሮ የሞቱን ምክንያት የህመም ማስታገሻ፣ የጭንቀትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ተደማምረው ያስከተሉት ድንገተኛ መመረዝ ነው ብሏል። እንቅልፍ ማጣቱን እሱ ራሱ ተናግሮ ነበር። መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር መደባለቅ የሚያስከትለውን አደጋ ትቶ ጆከርን ተጠያቂ ማድረግ ለሟቹም ለአንባቢም ፍትሕ አይደለም። እህቱም ያን ሚና ሲሠራ እየተደሰተበት እንደነበር መስክራለች።

ሁለተኛው መዛባት የሥራው ዓይነት ነው። ሌጀር ለንደን ውስጥ በሆቴል ክፍል አንድ ወር ያህል ተቀምጦ የሠራውን ሲናገር የጠቀሰው ድምፅና ሳቅ መፈለግን፣ ማስታወሻ ደብተር መያዝን ነው። ደብተሩ ውስጥ ጆከርን ምን እንደሚያስቀው የሚዘረዝር ገጽ አለ። ጥያቄውን ልብ በሉ። የስትራስበርግ ተማሪ «እኔ እንደዚህ የተሰማኝ መቼ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሌጀር «ይህን ሰው ምን ያስቀዋል?» ነው ያለው። ይህ ለአድለር ይቀርባል፤ የድምፅ ፍለጋው ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄድ መንገድ ነው። ጆከር ከንፈሩን እየደጋገመ የመላሱም ነገር አለ። አብረውት የሠሩ እንደተናገሩት አፉ ዳር የተለጠፈው ሰው ሠራሽ ጠባሳ እየላላ ስላስቸገረው በምላሱ ይነካካው ነበር፤ ችግሩን ወደ ገጸ ባሕርይው ልማድ ለወጠው። ይህ በማየትና በመጠቀም የሚገኝ ጥበብ ነው። ከባድ የልጅነት ትዝታ አያስፈልገውም።

ፊኒክስም የሳቁን መነሻ ያገኘው ካለፈቃዳቸው በሚስቁ ሕሙማን ቪዲዮዎች ነው፤ ይህም ምልከታ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ጭፈራ ድርሰቱ ላይ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ቶድ ፊሊፕስ የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ሂልዱር ጉድናዶቲር የላከችለትን የሴሎ ሙዚቃ ከፈተለትና ፊኒክስ በሰማው ድምፅ ተንቀሳቀሰ። እዚያው ፊልም ላይ የአድለር ተማሪ የነበረው ሮበርት ደ ኒሮ ተዋንያኑ ተሰብስበው ሙሉ ድርሰቱን ጮክ ብለው እንዲያነቡ ጠየቀ፤ ፊኒክስ አልፈለገም። በሐረጉ የግሩፕ ቲያትር ልጅ የሆነው ደ ኒሮ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥን መረጠ። የሰውን ሁኔታ ብቻ አይቶ ዘዴውን መገመት እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አይገኝም።

ሳቅ ከተነሳ ደግሞ፣ እነዚህን ሳቆች ቤት ውስጥ የሚሞክሩ ወጣት ተዋንያን ይህን ይወቁ። በጉሮሮ ተጨምቆ የሚወጣ ሳቅ በየቀኑ ከተደጋገመ የድምፅ አውታሮችን ሊያሳብጥ ይችላል። ትንፋሹ ከሆድ መነሳት አለበት፣ ከዚያ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ድምፅን ማሟሟቅ ያስፈልጋል። ከጎረነነ በኋላ ማንሾካሾክ ዕረፍት አይሆንም፤ ዝምታ ነው የሚያሳርፈው።

አስተያየት ሰጪው «ስክሪኑ ላይ ይታያል እኮ!» ይላል። አይታይም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የተቀዳው ውኃ ነው፤ በምን ገመድ እንደተቀዳ ከጣዕሙ አይታወቅም። እንዲያውም ውኃው ወደ ተመልካች የሚደርሰው በኤዲተሩ እጅ አልፎ ነው። ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ አንድ ትዕይንት ከብዙ አቅጣጫ ይደጋገማል። ተዋናዩ በየድግግሞሹ ካርዱን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ በየትኛው ቃል ላይ ቀና እንዳለ ማስታወስ አለበት። በስሜቱ ሙሉ በሙሉ የተወሰደ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ባልዲ አይስብም።

ስለዚህ ስትጽፉ የምታዩትን ጥሩት። ከስቶ ከሆነ የአካል ለውጥ፣ ከቀረጻ ውጭ ባሕርይውን ካልተወ በገጸ ባሕርይው መቆየት፣ ሕሙማንን አጥንቶ ከሆነ ምልከታ። ተዋናዩ ራሱ በምን እንደሠለጠነ ካልተናገረ «ሜተድ» የሚለውን ተዉት። የ«ዘ ዳርክ ናይት»ን የምርመራ ክፍል ትዕይንት መልሳችሁ እዩ። የሌጀር ድምፅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲወጣ ስሙት። ባትማን የሆነው ቤል ሲመታው ሌጀር የሚስቅበትን ቅጽበት፣ ቤልም ኃይሉ ምንም እንደማያመጣለት እየገባው ሲሄድ አገጩ የሚጠነክርበትን ተመልከቱ። ሳቁ የሚያስፈራው ቤል በእውነት ስለሚቆጣ ነው። ብዙ ተመልካች ግን የሌጀርን ብቻ አወድሶ የቤልን ሥራ ሳይጠቅስ ያልፋል።