ለሕፃናት ቴአትር ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የቴአትር ተማሪዎች «ድርሰት ሳትይዙ፣ በጋራ ፈጥራችሁ፣ ለሕፃናት የሚሆን ሥራ አምጡ» ሲባሉ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ እፎይታ ይሰማል። የሚሸመደድ ቃለ ተውኔት የለም። ተመልካቹም የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ምን ይከብዳል? ልምምዱ ሲገፋ ግን ፊቶች መጨማደድ ይጀምራሉ። እንደኔ እንደኔ ችግሩ የችሎታ ማነስ አይደለም። የሚያስቸግሩን ከመጀመሪያው ይዘናቸው የምንገባቸው ግምቶች ናቸው። ደጋግመው የሚመጡትን እስኪ እንያቸው።

«ለልጆች ስለሆነ ብዙም አንጨነቅ»

ትልቅ ሰው ቢሰለቸውም ይሉኝታ ይይዘዋል። ስልኩን ሰረቅ አድርጎ ያያል፣ ያዛጋል፣ መጨረሻ ላይ ያጨበጭባል። የአራት ዓመት ልጅ ግን ከሰለቸው ሰለቸው ነው። ፊቱን ያዞራል፣ የጎረቤቱን የጫማ ማሰሪያ ይፈታል፣ ወይም «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ጮክ ብሎ ይጠይቃል። በደንብ ያልተለማመዳችሁት ሽግግር፣ ምክንያት የሌለው እንቅስቃሴ፣ በግማሽ ልብ የተሠራ ትዕይንት እዚህ መደበቂያ የለውም።

ለልጆች በቁም ነገር የሠሩ ሰዎችም ነገሩን አቅልለው አላዩትም። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭ «ጴጥሮስና ተኩላው» የተባለውን ሙዚቃ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ያስጻፈችውም በሞስኮ የሕፃናት ቴአትር ትመራ የነበረችው ናታሊያ ሳትስ ናት። ያኔ ስሙ የገነነ ደራሲ ነበር፤ ለልጆች ነው ብሎ ግን ሙዚቃውን አላቀጠነውም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ የራሱን መሣሪያ ሰጠው። ወፏ በፍሉት ትመጣለች፣ ድመቷ በክላሪኔት። ልጁ ማን እንደመጣ ማንም ሳይነግረው በጆሮው ያውቃል። ነገሩን ግልጽ ማድረግና ነገሩን ማቅጠን ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ሥራ ይጠይቃል።

«ድርሰት የለውም ማለት እየተጫወቱ መዋል ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነውና። በጋራ ፈጠራ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይመጣል እንጂ አይቀርም። ትርኢቱ ለሕዝብ በሚቀርብበት ቀን እያንዳንዱ እርምጃ፣ እያንዳንዱ ዝምታ የታወቀ መሆን አለበት። ልዩነቱ እዚያ የተደረሰበት መንገድ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መነሻችን ባዶ ካርቶን ነው እንበል። አንዱ ተማሪ ውስጡ ይገባል። አንዲት ተማሪ ትመጣና ካርቶኑን ጠጋ ብላ ትደገፋለች። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ብድግ ትላለች፤ ድምፁ ጸጥ ይላል። ትደገፋለች፤ እንደገና ይጀምራል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። «በቃ፣ አገኘነው!» ተብሎ ወደ ሌላ ሐሳብ ይታለፋል። በማግስቱ ያንኑ ሲደግሙት ማንም አይስቅም። ምን ጎደለ?

መልሱ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ድምፁ ከቆመ በኋላ ካርቶኑን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አይታው ነበር። ጆሮዋን ነካ አድርጋ «ከእኔ ይሆን?» የምትል መስላ ነበር። በማግስቱ ግን ሳቁ እንደሚመጣ ስላወቀች ቶሎ ተመልሳ ተደገፈች። ዝምታው ተበላ፤ ቀልዱም አብሮ ሄደ። ይህን ማወቅ የሚቻለው በስልክ ቀርጾ ወይም አንድ ሰው ደብተር ይዞ ተቀምጦ ጽፎት ከሆነ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሦስት ጥያቄ በቂ ነው። ማን ምን ፈለገ? ምን ከለከለው? የቱ ጋ ተለወጠ? መልስ የሌለው ሙከራ የቱንም ያህል ቢያስቅ ገና ትዕይንት አልሆነም።

ሌላው ጣጣ መጣል ነው። ከተሞከረው አብዛኛው ይጣላል። ተማሪ ደግሞ ያመጣው ሐሳብ ሲጣል እሱ ራሱ የተጣለ ይመስለዋል። መፍትሔው ገና ከጅምሩ የማብቂያ ቀን መቁረጥ ነው፦ «ከዚህ ቀን በኋላ አዲስ ሐሳብ አይገባም፤ ያለውን ብቻ እናጠራለን።» ይህ ቀን የሌለው ቡድን የትርኢቱ ዋዜማ ላይም ሐሳብ ሲያዋጣ ያመሻል።

«ሁላችንም እኩል ነን፤ አዘጋጅ ምን ያደርጋል?»

ሐሳብ ማዋጣት እኩል ነው። ማየት ግን እኩል አይደለም። መድረክ ላይ ያለ ሰው ራሱን ከፊት ለፊት ማየት አይችልም። በእንግሊዝ የቴአትር አዘጋጇ ጆአን ሊትልዉድ የመራችው ቡድን በጋራ ፈጠራ ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ የእሷ ጠንካራ ዓይን ባይኖር ያ ሁሉ ሐሳብ መልክ አይይዝም ነበር። እናንተም አንድ ሰው ውጭ አስቀምጡ። አለቃ ካላችሁት የሚከፋ ካለ በየተራ ያድርገው።

«ጮክ በል፣ ሳቅ በል፣ ቀለሙን አብዛው»

ተማሪ ለልጆች ሲጫወት ድምፁ በድንገት ይቀጥናል፣ ቅንድቡ ግንባሩ ላይ ይወጣል፣ እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር በቃለ አጋኖ ታልቃለች። ከየት እንደተማርነው እንጃ! ልጆች ግን ትልቅ ሰው የውሸት ሲሆንባቸው ያውቃሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ጮክ ካለ ምኑ ነው ዋናው? ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያለ የሚራመድ አንድ ጓንት፣ ተጫዋቹ ራሱ በሙሉ ልቡ እያየው ከሆነ፣ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት ይችላል። ልጆች የተዋናዩን ዓይን ተከትለው ነው የሚያዩት። ተዋናዩ ጓንቱን ትቶ «አያችሁ?» እያለ ወደ እነሱ ከዞረ፣ እነሱም ጓንቱን ይተዉታል።

በነገራችን ላይ ትልልቅ ጭንብልና ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሜካፕ ለትንንሾቹ የሚያስፈራ ሊሆን ይችላል። ጭንብል ካስፈለገ ልጆቹ እያዩ ፊት ለፊታቸው ይደረግ።

«ሕፃን ያው ሕፃን ነው»

ይሄኛው ብዙ ቀልድ ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1983 ቪመርና ፔርነር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለልጆች አጭር ታሪክ በአሻንጉሊት አሳዩ። ልጁ ቸኮሌቱን አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እሱ በሌለበት እናቱ ወደ ሌላ ቁም ሣጥን ታዛውረዋለች። ሲመለስ የት ይፈልገዋል? ትልልቆቹ ልጆች «መጀመሪያ ያስቀመጠበት» አሉ። የሦስት ዓመት ልጆች ግን አሁን ያለበትን ቦታ ነው የሚያሳዩት። እነሱ የሚያውቁትን እሱ የማያውቅ አይመስላቸውም። ይህ ችሎታ በአብዛኛው በአራትና በአምስት ዓመት መካከል ይመጣል። ከዚያ ወዲህም ይኸው ውጤት በብዙ ጥናቶች ታይቷል።

ለእኛ ምን ማለት ነው? «ተመልካቹ ያውቃል፣ ገፀ ባሕርይው አያውቅም» የሚለው የቴአትር የድሮ ወርቅ ለሦስት ዓመት ልጅ ላይሠራ ይችላል። ኳሱ ከኋላው እንደተደበቀ እያየን ሞኙ ፊት ለፊት ሲፈልግ የስድስት ዓመቱ ልጅ በሳቅ ይሞታል። የሦስት ዓመቷ ደግሞ ግራ ገብቷት «ለምን አያነሳውም?» ትላለች። ትዕይንቱን መጣል የለባችሁም፤ ሌላ መግቢያ ስጡት። ሞኙ ኳሱን ይየው፣ ያንሳው፣ ሌላ ኳስ ይውደቅበት፣ ያንን ሲያነሳ ይሄኛው ይውደቅ። አሁን ሁለቱም ይስቃሉ፤ የሚስቁበት ምክንያት ቢለያይም።

ስለዚህ «ለሕፃናት» ብቻ ብላችሁ አትነሱ። ለስንት ዓመት? ይህ ከታሪኩ በፊት የሚወሰን ነገር ነው። ርዝመቱም ከዚሁ ይመጣል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ከግማሽ ሰዓት ብዙ ባታልፉ ይሻላል። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ካሉበት ደግሞ አፍ ውስጥ የሚገባ ትንንሽ ዕቃ እጃቸው እንዳይደርስ አድርጉ።

«መጨረሻ ላይ ምክር ከሌለው ምን ዋጋ አለው?»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ናቸው። ሁለቱ ጓደኛሞች ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ከዚያ አንዱ ወደ ፊት ይወጣና «ልጆች፣ ምን ተማርን?» ይላል። ልጆቹም በአንድ ድምፅ «መካፈል ጥሩ ነው!» ይላሉ። ትልልቆቹ ደስ ይላቸዋል። ልጆቹ ግን የመለሱት እንዲመልሱ የሚጠበቀውን ነው።

በቴአትር ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ የቤልግሬድ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1965 ትምህርት ቤቶች ውስጥ እየገባ የሚሠራ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ያ አሠራር ልጆቹን የሚያስጨንቅ ውሳኔ ፊት ያቆማቸዋል፤ መልሱን አያጎርሳቸውም። እናንተ ያን ካልሠራችሁ፣ ታሪኩን በደንብ ንገሩና ዝም በሉ። ጓደኛውን ገፍቶ ብቻውን የቀረውን ልጅ ፊት ረጋ ብለን ካየነው፣ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ያለ አይመስለኝም።

«ዝም ካሉ ወደውታል፤ ከጮኹ ደግሞ የበለጠ ወደውታል»

ሁለቱም አያስኬድም። አፉን ከፍቶ ያለ ልጅ ዝም ይላል፤ የፈራም ዝም ይላል። ተነስቶ የተዋናዩን እንቅስቃሴ የሚደግም ልጅ እየረበሸ ሳይሆን በሰውነቱ እያየ ነው። ጩኸትን በተመለከተ፣ «አልሰማኋችሁም፣ ድገሙት!» ማለት ሁሌም ይሠራል። ሁሌም ስለሚሠራ ነው የምጠራጠረው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ልጆቹ መጮኹን እንጂ ታሪኩን አያስታውሱትም።

ልጆችን ማሳተፍ ከፈለጋችሁ አንድ ሕግ ያዙ። መልሱን የማትጠቀሙበትን ጥያቄ አትጠይቁ። «በየትኛው መንገድ እንሂድ?» ብላችሁ ሁሉም «በግራ!» ካለ በኋላ፣ ልምምዱ ላይ በቀኝ ስለነበር በቀኝ መሄድ ንቀት ነው። ለሁለቱም መልስ ተዘጋጁ፤ ካልሆነ አትጠይቁ። ማሳተፍም ጩኸት ብቻ አይደለም። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው ኦይሊ ካርት የተባለ የቴአትር ቡድን ለጥቂት ልጆች ብቻ፣ በመዳሰስና በማሽተት ጭምር የሚታይ ቴአትር በመሥራት ይታወቃል። ከተመልካቾቹ መካከል ከባድ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች አሉ።

«ማስፈራትና ማሳዘን ክልክል ነው»

ድብብቆሽ የሚወደደው ስለሚያስፈራ አይደል? ፍርሃት ይገባል፤ መጠኑንና መውጫውን ማወቅ ነው። መብራት በአንዴ አታጥፉ፣ ከኋላቸው በድንገት አትምጡ። የሚያስፈራው ነገር ከሩቅ ይታይ፣ ቀስ ብሎ ይምጣ፣ ታሪኩ ሳያልቅም ይፈታ።

«መጀመሪያ ይጠናቀቅ፣ ከዚያ ለልጆች እናሳያለን»

ከስህተቶቹ ሁሉ ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። ተማሪዎች ሳምንታት እርስ በርስ ሲሳሳቁ ከርመው ከእውነተኛ ልጅ ጋር የሚገናኙት በትርኢቱ ቀን ነው። ያን ቀን ደግሞ ምንም መለወጥ አይቻልም። ሥራው ግማሽ ላይ እያለ፣ ያለ መብራትና ያለ አልባሳት፣ ወላጆቻቸውና አስተማሪዎቻቸው ፈቅደው ለጥቂት ልጆች አሳዩ።

ያን ጊዜ ከቡድኑ አንዱ ጀርባውን ለመድረክ ሰጥቶ ልጆቹን ብቻ ይይ። የት ጋ ወደ ፊት ተጠጉ? የት ጋ ወደ አስተማሪያቸው ዞሩ? የት ጋ ምንጣፉን መንጨት ጀመሩ? እያንዳንዱን ከነትዕይንቱ ይጻፍ። ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ «አዎ!» ይላሉ። ይልቅ ወረቀትና ቀለም ስጧቸውና የሚያስታውሱትን ይሳሉ። ሁለት ደቂቃ ብቻ የታየው ካርቶን በሁሉም ወረቀት ላይ ከመጣ፣ ስትደክሙበት የከረማችሁት የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ አንድም ቦታ ከሌለ፣ ምን ማሳጠር እንዳለባችሁ አወቃችሁ። ዘፈኑን የደረሰው ተማሪ ሊያኮርፍ ይችላል። ያኩርፍ፣ ይወጣለታል።