መኪናው ገና አልመጣም፤ 7,500 ዶላሩስ? ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ታክስ ክሬዲት የሚወሩ ስህተቶች

2025 ኖቬምበር ላይ፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አንድ ጎረቤቴ ወረቀት ጨብጦ ቤቴ መጣ። ገና ሳይቀመጥ "ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዶላሬን ተበላሁ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ሰው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ ታክስ ክሬዲት (ካለበት ታክስ ላይ የሚቀነስለት ገንዘብ) ይሰጥ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ከሴፕቴምበር 30 በኋላ ለሚገዙ መኪኖች ይህን አስቀረ። ጎረቤቴ መኪናውን የተረከበው ከትናንት በስቲያ ነበር። ዲለሩም (መኪና ሻጩ) "ቀኑ አልፏል" ብሎ ሸኝቶታል።

ወረቀቱን ከሲኒዎቹ ጎን ዘረጋሁት። የሽያጭ ውል ነው። ከታች የእሱና የሻጩ ፊርማ አለ። ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ 9/27/2025። ከጀርባው የ500 ዶላር ደረሰኝ ተያይዟል።

"ማን ነው ያለፈው ያለህ?" አልኩት።

"እስከ ሴፕቴምበር 30 ቁልፍ ያልያዘ ቀረበት"

አልቀረበትም። አይ አር ኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ኦገስት 2025 ባወጣው ማብራሪያ መኪና "ተገዛ" የሚባለው መቼ እንደሆነ በግልጽ አስቀምጧል። አስገዳጅ የጽሑፍ ውል ሲፈረምና ክፍያ ሲፈጸም ነው። ሁለቱ እስከ ሴፕቴምበር 30 ከተሟሉ፣ መኪናው ከዚያ በኋላ ቢመጣም ችግር የለውም። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ይቆጠራል። አሮጌ መኪና ትሬድ ኢን ማድረግም (የእኛው ልዋጭ ማለት ነው) እንደ ክፍያ ይያዛል።

"100 ዶላር ከፍዬ ተመዝግቤ ነበር፤ ስለዚህ ደህና ነኝ"

ይህኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ኦንላይን ገብቶ ወረፋ መያዝ ውል አይደለም።

እኛ ቀብድ እናውቃለን። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የውል መኖር ማስረጃ ነው። የሰጠው ሰው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በሌላ አነጋገር ሁለቱም ታስረዋል። ሐሳባችሁን ስትቀይሩ የምታስመልሱት 100 ዶላር ግን እናንተንም ሻጩንም አያስርም።

ልዩነቱ በ2022 በደንብ ታይቷል። ያኔ ኦገስት 16 ቀን አዲስ ሕግ ተፈረመ። ከዚያች ቀን በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ የተገጣጠመ መኪና ክሬዲቱን አጣ። ኮሪያ ውስጥ የሚሠሩትን ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 እና ኪያ ኢቪ6 አዝዘው ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች አንድ ሌሊት አድረው ዜሮ ላይ ተገኙ። የዳኑት ከዚያ ቀን በፊት አስገዳጅ ውል የነበራቸው ናቸው። አይ አር ኤስም የማይመለስና ከዋጋው 5 ከመቶ የሚሆን ቀብድ ለውሉ አስገዳጅነት እንደ ምልክት ሊታይ ይችላል አለ። "5 ከመቶ ካልከፈልክ አይሆንም" የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ያ ግን የ2022 ጉዳይ ነው። የ2025ቱ ማብራሪያ እንዲህ ያለ ወለል አላስቀመጠም።

"በ2025 ስለፈረምኩ በ2025 ታክስ ላይ አስገባዋለሁ"

ፊርማውና ክፍያው የሚጠቅሙት ቀነ ገደቡን ለማለፍ ነው። ክሬዲቱ የሚጠየቀው ግን መኪናው እጃችሁ በገባበት ዓመት ነው። ሴፕቴምበር ላይ ፈርማችሁ መኪናው ጃንዋሪ 2026 ከመጣ፣ የሚገባው በ2026 ታክስ ላይ ነው፤ እሱን የምታሠሩት ደግሞ በ2027 ነው። ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው የርክክቡን ቀን ንገሩት። የውሉን ብቻ ከነገራችሁት ይሳሳታል።

የርክክብ ቀን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት ኤፕሪል 18 ቀን 2023ን አስታውሱ። የባትሪው ማዕድንና ክፍሎች ከየት እንደመጡ አይቶ ክሬዲቱን የሚወስነው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ያን ቀን ነው። ርካሹን ቴስላ ሞዴል 3 ኤፕሪል 17 የተረከበ ሰው 7,500 ሙሉውን አገኘ። በማግስቱ የተረከበው ግማሹን፣ 3,750። ሁለቱ አንድ ቀን አዝዘው ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ጁን ላይ ያው መኪና ተመልሶ 7,500 ሆነ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ጭራሽ ከዝርዝሩ ወጣ። በዚህ ላይ እቅድ ማውጣት ሎተሪ እንደመቁረጥ ነበር።

"ገቢዬ ዘንድሮ ከፍ ስላለ አይሰጠኝም"

ጣሪያው ላላገባ ሰው 150,000 ዶላር፣ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ ለሚሞላ 225,000፣ አብረው ለሚሞሉ ባልና ሚስት 300,000 ነው። የሚታየው ግን የአንድ ዓመት ገቢ ብቻ አይደለም። መኪናውን ከተረከባችሁበት ዓመትና ከዚያ በፊት ካለው፣ የሚሻላችሁን ትወስዳላችሁ። ዘንድሮ ትርፍ ሰዓት ሠርታችሁ ብታልፉም፣ ካቻምና ሳይሆን አምና ከጣሪያው በታች ከነበራችሁ ይበቃል። በሁለቱም ዓመት ካለፋችሁና ክሬዲቱን ቀድማችሁ ዲለሩ ጋ ከዋጋው ላይ አስቀንሳችሁ ከሆነ ግን ትመልሱታላችሁ።

"7,500ው በቼክ ይመጣልኛል"

እንደ አወሳሰዳችሁ ነው። ታክስ ስታሠሩ ከጠየቃችሁት፣ ክሬዲቱ የሚቀንሰው ያለባችሁን ታክስ ነው። የዓመቱ ታክሳችሁ 4,200 ዶላር ከሆነ የምታገኙት 4,200 ነው። ቀሪው 3,300 ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም፤ ቀለጠ። ከ2024 ወዲህ ግን ክሬዲቱን ለዲለሩ አስተላልፎ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ይቻል ነበር። በዚያ መንገድ ታክሳችሁ ትንሽ ቢሆንም ሙሉውን ታገኙ ነበር። ገቢው መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳይነገረው አልፎታል።

"ተከራክሬ ዋጋውን ከ55,000 በታች አወረድኩት"

ጎበዝ፤ ግን ለዚህ አይጠቅምም። ለሴዳን 55,000፣ ለኤስዩቪ፣ ለቫንና ለፒክአፕ 80,000 የሚለው ጣሪያ የሚለካው አምራቹ በለጠፈው ዋጋ ነው። እናንተ የከፈላችሁት አይታይም።

"ዲለሩ ሁሉንም ጨርሶልኛል"

ወረቀቱን ጠይቁ። ሻጩ መኪናውን በተረከባችሁ በሦስት ቀን ውስጥ በአይ አር ኤስ ፖርታል ሪፖርት ማስገባት አለበት። ለእናንተም ቅጂ ይሰጣል። አይ አር ኤስ የተቀበለው ሪፖርት ከሌለ ክሬዲት የለም፤ ውላችሁ የቱንም ያህል ቢያምር። ለጎረቤቴ የቀረችው አንድ ቀን ነበረች። በማግስቱ ማለዳ ውሉንና ደረሰኙን ይዞ ሄደ። ሻጩ አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ከሰዓት በኋላ ቅጂው በኢሜይል ደረሰ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም።

"ክሬዲቱን ልውሰድና መኪናውን አገር ቤት ልላከው"

ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ስለዚህ ሐሳቡ ለምን እንደመጣ ይገባኛል። ሕጉ ግን መኪናው ለራሳችሁ መጠቀሚያ እንጂ ለሽያጭ እንዳይሆን፣ በዋናነትም አሜሪካ ውስጥ እንዲነዳ ይጠይቃል። ከኖርፎክ ወደብ ወደ ጅቡቲ የተጫነ መኪና ይህን አያሟላም።

"ከእንግዲህ ምንም የለም"

ለአዲስ ገዢ የ7,500ው በር ተዘግቷል። ለአሮጌ ኤሌክትሪክ መኪና የነበረው እስከ 4,000 ዶላርም አብሮ ሄዷል። በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) በኩል የነበረው መንገድም እንዲሁ። የቀሩት ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የመኪና ብድር ወለድ ነው። አዲስና አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ መኪና ከ2025 ጀምሮ በብድር የገዛ ሰው በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ወለድ ከገቢው ላይ መቀነስ ይችላል፤ ይህ እስከ 2028 ይቆያል። የነዳጅ መኪናም ይሁን የኤሌክትሪክ ለውጥ የለውም። ነገር ግን የሚቀነሰው ከገቢ እንጂ ከታክስ አይደለም፣ ስለዚህ ከ7,500ው ጋር አታወዳድሩት። ገቢው ከ100,000 (ለባልና ሚስት ከ200,000) ሲያልፍም እየቀነሰ ይሄዳል።

ሁለተኛው የቤት ቻርጀር ነው። እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ተገጥሞ ሥራ ለጀመረ፣ የወጪው 30 ከመቶ፣ ቢበዛ 1,000 ዶላር። የሚሰጠው ግን ዝቅተኛ ገቢ ባለባቸው ወይም ከከተማ ውጭ በሆኑ አካባቢዎች ብቻ ነው። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ኤሌክትሪሺያን ሊጠራ ስልኩን አነሳ። አድራሻውን እነዚህን አካባቢዎች የሚያሳየው ካርታ ላይ አስገባን። የእሱ መንገድ አይካተትም። ከድልድዩ ወዲያ ያለው የእህቱ ቤት ግን ይካተታል። እህቱ መኪና የላትም።