«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል»፦ የገበሬው ምክር ቤተ ክርስቲያን ሲገባ

ባላ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ እንጨት ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይቀበራል፣ በመንታው ጫፍ ላይ ደግሞ አግዳሚ ይጋደምበታል። በጎንደር ዙሪያ ገጠር የዳስ ጣሪያም ሆነ ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ የሚቆመው በባላ ነው። ጠንካራ እንጨት ተመርጦ ቢተከል እንኳ ክረምት ሲደጋገምበት ከመሬት በታች ያለው ክፍል ይበሰብሳል፤ ላዩ ደኅና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን በድንገት ይሰበራል። ተረቱ የተወሰደው ከዚህ የገጠር ኑሮ ነው፦ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።»

ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ኑሮህን በአንድ ነገር ላይ ብቻ አትጣል ማለት ነው። ጤፉን ውርጭ ቢመታው ሽንብራ የዘራ ሰው ልጆቹን አያስርብም። ደመወዝተኛው ከሥራው ጎን ትንሽ ሱቅ ቢከፍት፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን ሁለት ሦስት ቦታ ቢያስገባ፣ ተረቱ ለእነዚህ ሁሉ የተገባ ምክር ነው። በዚህ ላይ ምንም ክርክር የለኝም።

የሚያሳስበኝ ግን ይኸው ምክር ከእርሻው ተነሥቶ ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን መግባቱ ነው። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ከባጃጅ ወርዶ፣ ሰግዶ፣ ደጁን ስሞ የሚሄድ ሰው አለ። ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን እጅ መንሻ ያልያዘ ባለጉዳይ ፊርማውን አያገኝም። የታመመ ልጁን ጠዋት ጠበል አስጠምቆ ማታ ጠንቋይ ቤት የሚወስድም አለ። ለምን ቢባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ምን ይታወቃል፣ ሁለት ባላ መትከል ይሻላል።»

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ሕዝቡን «እስከ መቼ ድረስ በሁለት አሳብ ታነክሳላችሁ?» ያለው ይህን ዓይነቱን ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች እግዚአብሔርን ፈጽመው የካዱ አልነበሩም። ገበሬዎች ነበሩ፤ ዝናብ ያስፈልጋቸዋል፤ በአካባቢው ደግሞ ዝናብ ሰጪ ተብሎ የሚመለከው በኣል ነበር። ስለዚህ የአባቶቻቸውን አምላክ እንደያዙ፣ ዝናቡ ቢዘገይ መጠባበቂያ እንዲሆናቸው በኣልን ጨመሩ። ኤልያስም ጥቂት አሻሽሉ አላላቸውም፤ እግዚአብሔር አምላክ ቢሆን እርሱን ተከተሉ፣ በኣልም ቢሆን እርሱን ተከተሉ አላቸው። ሕዝቡ አንዲት ቃል አልመለሰም። ዝም ያሉት ሳይገባቸው ቀርቶ አይመስለኝም፤ አንዱን መንቀል ከብዷቸው እንጂ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሁለተኛውን ባላ መትከሉ ሳይታወቀው፣ ምንም አልጎደለኝም ብሎ የሚኖረው ነው። በዮሐንስ ራእይ የተወቀሰችው ሎዶቅያ ሀብታም ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ60 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት ከሮም መንግሥት እርዳታ ሳትቀበል በራሷ ገንዘብ ተሠርታለች። በዚያች ከተማ ያለችው ቤተ ክርስቲያንም «ሀብታም ነኝ፣ ምንም አያስፈልገኝም» ስትል ተገኘች፤ ጌታም በራድ ወይም ትኩስ ስላልሆነች፣ ለብ ስላለች፣ ከአፌ ልተፋሽ ነው አላት። ይህን ሳነብ ከተማዬ ጎንደር ትታየኛለች። እኛም የአርባ አራቱ ታቦት አገር ነን እንላለን። ጥምቀታችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ መቆሚያ አይገኝበትም። ይህ ሁሉ እውነትና የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ደብሮቹን የተከሉት አባቶቻችን ናቸው፤ የእነርሱ ጾምና ጸሎት በእኛ ስም አይቆጠርም።

ጎንደር እኮ የተቆረቆረችው ሃይማኖት ብዙ ካስከፈለ በኋላ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሲያስገቡ ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከአራት ዓመት በኋላ ከተማዋ ተመሠረተች። ያኔ ለሃይማኖቱ የተነሣው ገበሬ ለእርሻው ሁለት ባላ ይተክል ነበር፤ ለማተቡ ግን አልተከለም።

ዛሬም አንድ ባላ ብቻ የተከለ ሰው ማየት የፈለገ የአብነት ተማሪውን ይመልከት። ልጁ የእናቱን ቤት ትቶ ወጥቷል። ደበሎ ለብሷል፤ በትከሻው አኩፋዳ፣ በእጁ ለውሻ መከላከያ በትር ይዟል። ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የተሰጠችውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ማታ በጨለማ መጽሐፍ ሳይዝ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ይደጋግማል፤ ከተሳሳተ እንደገና ይጀምራል። በአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት ዜማና ዝማሜ ትምህርት ስሟ የሚጠራው የጎንደር በዓታ ሊቃውንቷን ያገኘችው ከእንደዚህ ያሉ ልጆች ነው። ልጁ ነገ ምን እበላለሁ ብሎ ያዘጋጀው መጠባበቂያ የለውም።

ሁሉም ሰው ደበሎ ይልበስ እያልኩ አይደለም። በቅዳሜ ገበያ ጤፍ የምትሸጥ እናት ሚዛኗን ሳታዛባ፣ ከነጩ ላይ ሠርገኛውን ሳትቀላቅል ከዋለች ክርስቶስን በሙሉ ልቧ እየተከተለች ነው። ጎረቤቷ እያጭበረበረ ሲከብር እያየች እንዲህ መዋል ቀላል አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙ ስግደት የሚከብድ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን በቁርባን ላይ የተከልነው ባላ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀው ይቆርባሉ፤ በእናት እቅፍ ሆነው ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ። ከዚያ ጉርምስና ሲመጣ ይቆማል። በሃያና በሠላሳ ዓመቱ የሚቆርብ ሰው ሲታይ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል፤ ታሞ ወይም መንኖ ይመስላል። «ሳረጅ እቆርባለሁ» የሚለው መልስ ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ሲታይ ግን ወጣትነቴን ለራሴ፣ የተረፈውን ለእግዚአብሔር ማለት ነው። ለዓለሙ አንድ ባላ፣ ለሞት ቀን አንድ ባላ። ሽምግልና ለማንም ቃል አልገባም፤ በየሳምንቱ የምንሸኘው ሁሉ ሽማግሌ አይደለም።

የነፍስ አባት ደግሞ በየቤታችን አለ። በበዓል ቀን ይመጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ ዳቦ ይባርካል፣ ቡና ይጠጣል፣ መርቆን ይሄዳል። ስለ ነፍሳችን አንድ ቃል ሳንነግረው ዓመት ያልፋል፤ እርሱም አፍሮን ሳይጠይቅ ይቀራል። በሚመጣው በዓል ቡናው ከመቅረቡ በፊት ለብቻው ወደ ጓዳ ወስዶ «አባቴ፣ ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ» ማለት ይቻላል።