የጉዞ ኤሌክትሪክ ሳይክልን ለፒስታ ማዘጋጀት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ

የጉዞ ኤሌክትሪክ ሳይክል ሲሠራ ታሳቢ የሚደረገው አስፋልት ነው። ጎማው ጠበብ ያለና ጥርስ የሌለው፣ ኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ከነባትሪው 25 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን ከዋናው መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ አስፋልቱ ያልቃል። በቦሩ ሜዳ መስክ፣ በገራዶ ሸለቆ ወይም በጦሳ ግርጌ የሚጠብቀው ጠጠር፣ አፈርና የከብት መንገድ ነው። ሳይክሉን ለዚህ ማመቻቸት ይቻላል፤ የሞተር ጉልበት መጨመርም አያስፈልግም። ዋናው ሥራ ያለው ጎማው፣ ማርሹና ፍሬኑ ላይ ነው። እርግጥ የምናወራው ስለ ረጋ ያለ ጉዞ ነው፤ ዝላይና ገደል መውረድ ሌላ ሳይክል ይፈልጋል።

መጀመሪያ ዳገቱን እንይ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 110 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 650 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 195 ዋት-ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ባለ 36 ቮልትና 14 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 500 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ከፊሉ በሞተር ሙቀትና በጎማ ሰበቃ ይባክናል። ስለዚህ ፔዳሉን ሳይመታ ሁሉንም ለሞተሩ የተወ ሰው ደሴ ሲደርስ የባትሪው ግማሽ አልቋል ማለት ነው። ልቅ ጠጠር ላይ ደግሞ ይብሳል። በዚህ አገር ከኪሎ ሜትሩ በፊት ዳገቱ ይቆጠራል።

የሞተሩ ቦታም ለውጥ ያመጣል። ፔዳሉ ጋ የተገጠመ ሞተር ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በካቴናው ስለሆነ ማርሽ መቀነስ ይጠቅመዋል። ጎማው መሃል ያለው ግን ረጅም ዳገት ላይ በዝግታ ሲሽከረከር ይግላል፣ ባትሪም ይበላል። እንዲህ ያለው ሳይክል ያለው ሰው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ወርዶ ቢገፋ ይሻለዋል። ፔዳሉ ጋ ሞተር ላለው ደግሞ ካቴናው የሚዞርበትን የፊተኛውን ጥርስ በአነስተኛ መቀየር ርካሽና ትልቅ ማሻሻያ ነው።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚገባው ጎማ ነው። ከ40 ሚሊ ሜትር ወደ 50 ከፍ ማለትና መለስተኛ ጥርስ ያለው መምረጥ ሳይክሉን ሌላ ያደርገዋል። ከመግዛት በፊት ግን ፎርኬታውና ፍሬሙ ስንት እንደሚያስገቡ ይለካ፤ በጎማውና በብረቱ መካከል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ጎሚስታ ዘንድ ብዙ ጊዜ እስኪጠነክር ይነፋል። ለፒስታ ግን 4 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የነበረውን ወደ 2.5 አካባቢ ማውረድ ነው፤ ጎማው ድንጋዩን ያቅፋል፣ እጅና ወገብም ያርፋሉ። ከዚያ በላይ ማስተንፈስ ካላማዳሪያውን ቸርኬው ላይ ያስነክሳል።

ከዚያ ጭቃው አለ። የወሎ ዋልካ በክረምትም ሆነ በበልግ ዝናብ ሲርስ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ይጠቀለላል። ፓራፋንጎው ውስጥ ከገባ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ሞተሩ ሲታገል ደግሞ ካቴና ይበጠሳል። በበጋ ፓራፋንጎ ችግር የለውም። በክረምት ግን ወይ ከፍ አድርጎ ማሰር ወይ ጨርሶ መፍታት ነው። ሜዳው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ እኔን የሚሰማኝ ካለ፣ መመለስ ይበጃል። ገበሬውም ማሳው አጠገብ ቦይ የሚያወጣ ጎማ አይፈልግም።

ሐረጎን መውረድ የፍሬን ፈተና ነው። ፔዳሉ ጋ ያሉ ሞተሮች አብዛኞቹ ቁልቁለት ላይ ባትሪ አይሞሉም፤ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬን ነው። ፎርኬታው ከፈቀደ የ160 ሚሊ ሜትሩን ዲስክ በ180 መተካት ሙቀቱን ይቀንሳል። ያለማቋረጥ ጨብጦ ከመውረድም ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ይሻላል። ሰፋ ያለ መሪና የማያንሸራትት ፔዳል ደግሞ ቀላል ጭማሪዎች ናቸው። የኋላው ጭነት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ጥብቅ ይታሰር።

ጭቃ የነካው ሳይክል ላቫጆ ወስዶ በግፊት ማሳጠብ ውኃን ወደ ሞተሩና ወደ ጎማ ኩሽኔታው ይከታል። ባትሪውን አውጥቶ በባልዲና በብሩሽ ማጠብ፣ ካቴናውን አድርቆ ዘይት መቀባት በቂ ነው። ባለ 2 አምፔር ቻርጀር ያንን ባትሪ ለመሙላት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት ማታውን ሳይሆን ገና ሲገቡ መሰካት ነው።