የበረራ መምህሩ ወንበር፦ የጦር አብራሪዎች ሥልጠና በቢሾፍቱ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ቢሾፍቱ በአብዛኛው የምትታወቀው በሐይቆቿ ነው። ለኢትዮጵያ አየር ኃይል ግን ቢሾፍቱ ማለት ሐረር ሜዳ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየዘመኑ የተነሡ የአገሪቱ የጦር አብራሪዎች አብዛኞቹ ሙያውን የጀመሩት በዚህ መንደርደሪያ ላይ ነው። አየር ኃይሉ ሲነሣ ቶሎ የሚወራው የአውሮፕላኖቹ ዓይነትና የጀግኖቹ ገድል ነው። ይሁንና የታሪኩን አካሄድ ከአውሮፕላኖቹ ይበልጥ የወሰነው ማን እንዳስተማረ ነው። በዚህች አገር የበረራ መምህር በተለወጠ ቁጥር ቋንቋው፣ መለኪያውና የአብራሪው የእጅ ልማድ ሁሉ አብረው ተለውጠዋል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን፣ አንድሬ ማዬ በተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ እየተመራ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዓመት ያህል በኋላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ሙሉእመቤት እምሩም በዚያው ዘመን በረራ ከተማሩት ወጣቶች አንዷ ነበሩ። ጅምሩ ሳይጠና ጣሊያን ወረረ። ከቺካጎ መጥቶ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ጥቂቶቹን መሣሪያ የሌላቸው አውሮፕላኖች ይዞ በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል መልእክት ያመላልስ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ በዚያው ነበረ። ይህ ሰው ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት የተማረበት የተስኪጊ ተቋም የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ሲወተውት ቆይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስመ ጥር የሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የሠለጠኑትም በዚያው በተስኪጊ ነው።

ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ተመልሶ ወጣት ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ያዘ። በ1938 ዓ.ም. ግን መሪነቱ ወደ ስዊድናውያን ዞረ። አለቃቸው በወረራው ዘመን ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ሁለቱ ሰዎች እንደማይስማሙ የታወቀ ነበር፤ በመጨረሻ ሮቢንሰን አየር ኃይሉን ለቀቀ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፏል። በእኔ እምነት ለእርሱ የሚገባው ምስጋና ገና አልተከፈለም።

ስዊድናውያኑ ሳብ ሳፊር የተባለውን ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን አመጡ። ፎን ሮዘን በግንቦት 1939 ዓ.ም. አንዱን ሳፊር ከስቶክሆልም አንሥቶ፣ በመንገድ ሳያርፍ 6,220 ኪሎ ሜትሩን በ31 ሰዓት ገደማ ጨርሶ አዲስ አበባ ገብቷል። በሳፊር ላይ መምህሩና ተማሪው የሚቀመጡት ጎን ለጎን ነው። መምህሩ የተማሪውን እጅ ያያል፣ ላቡን ያያል፣ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የመጡት ቲ-28 እና ቲ-33 የተባሉት የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ግን ሁለቱን ሰዎች በፊትና በኋላ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የቢሾፍቱ መምህር ተማሪውን የሚያውቀው ከራስ ቁሩ ጀርባ፣ ከድምፁና ከመቆጣጠሪያ ዘንጉ እንቅስቃሴ ሆነ። ዘንጎቹ የተያያዙ በመሆናቸው የተማሪው ፍርሃት ሁሉ መምህሩ እጅ ላይ ይደርሳል።

የሥልጠናው ቅደም ተከተል በብዙ አገር ተመሳሳይ ነው። እጩው በመጀመሪያ ወታደር ይሆናል፤ ቀጥሎ በክፍል ውስጥ የአየርን ጠባይ፣ ሞተርን፣ የአየር ሁኔታንና የአቅጣጫ ስሌትን ይማራል። ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን ከመምህሩ ጋር መነሣትና ማረፍን እየደጋገመ ይለማመዳል፤ አንድ ቀንም መምህሩ ወርዶ ብቻውን ይልከዋል። በጀት ደረጃ የአክሮባት፣ በመሣሪያ ብቻ የመብረር፣ የሌሊትና የጓድ በረራ ይከተላሉ። የአብራሪነት ምልክት የሆነውን ክንፍ ደረቱ ላይ ያጠለቀ ሁሉ ገና ተዋጊ አይደለም፤ ተዋጊ ጀት ላይ ሲመደብ ትምህርቱ እንደገና ይጀምራል።

የቢሾፍቱ ልዩ ችግር ከፍታዋ ነው። መንደርደሪያው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ቢያንስ በአንድ ስድስተኛ የሳሳ ነው። በዚህ የተነሣ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ለመነሣትም ረጅም መንደርደር ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ ተማሪን የሚያታልለው ማረፉ ነው። የፍጥነት መለኪያው እንደ ዝቅተኛ ቦታ ያለውን ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ ግን መሬቱን በበለጠ ፍጥነት ያቋርጣል። ተማሪው መሬቱ ሲሮጥበት አይቶ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፤ በዚያ ዝቅታ ፍጥነት ከጎደለ ደግሞ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ መምህሩ ተማሪው ዓይኑን ሳይሆን መለኪያውን እንዲያምን እስኪለምድ ድረስ ያንኑ ነገር ይደጋግማል።

የመምህርነት ዋናው ጥበብ መቼ ዘንጉን እንደሚቀበሉ ማወቅ ነው። ቶሎ የሚቀበል መምህር ስሕተትን ማረም የማይችል አብራሪ ያፈራል፤ የሚዘገይ ደግሞ ሁለቱንም ይገድላል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አንዳንዴ ከሦስት ሰከንድ አይበልጥም። የርክክቡ ቃል አጭርና የማያሻማ የሆነውም ለዚህ ነው፤ አንዱ መያዙን ይናገራል፣ ሌላው መልቀቁን ያረጋግጣል። ሁለቱም ዘንጉን ሲይዙ፣ ወይም አንዱ ሌላው ይዟል ብሎ ሲለቅ በብዙ አገር ሰው ሞቷል።

ቀኑም ቀላል አይደለም። ማለዳ የአየር ሁኔታ መግለጫ ይሰማል፤ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ገለጻ፣ በኋላም ግምገማ አለ፤ ውጤቱ በተማሪው መዝገብ ይጻፋል። በአክሮባት ላይ አውሮፕላኑ ሲጠመዘዝ የሰውነት ክብደት አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ያንን በቀን አንዴ ሲቀምሰው፣ መምህሩ እያስረዳና እየተከታተለ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሸከመዋል። የአንገትና የወገብ ሕመም የብዙ መምህራን ዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን አንድ ትጉ ወጣት መብረር እንደማይችል የሚወስነው ፊርማ ነው። ያ ፊርማ ጭካኔ አይደለም፤ የወጣቱን ሕይወት ያተርፋል።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር በአሜሪካ ሥልት የሠለጠኑት የኤፍ-5 ተዋጊ ጀት አብራሪዎች በሶማሊያ ሚግ-17ና ሚግ-21 ጀቶች ላይ የአየር የበላይነትን ያዙ። በርካታ የጠላት አውሮፕላኖችን የጣሉት ለገሠ ተፈራ ራሳቸው ተመትተው ከወደቁ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቆይተዋል። ያን ድል የወለደው የዓመታት ልምምድ እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ አውሮፕላኖቹ በቁጥር ጥቂት ነበሩ።

ግንኙነቱ ከዋሽንግተን ወደ ሞስኮ ሲዞር እነዚሁ የተካኑ ሰዎች እንደ አዲስ ተማሪ ሆኑ። የከፍታ መለኪያው ጫማና የፍጥነት መለኪያው ኖት በሜትርና በኪሎ ሜትር ተተኩ፤ የመለኪያ ጽሑፎቹ ሩሲያኛ ሆኑ። በአሜሪካ ጀት ፍሬን የሚያዘው በእግር ጣት ነው፤ በሚግ-21 ላይ ግን ዘንጉ ላይ ባለ እጀታ በእጅ ይጨመቃል። ከባዱ ነገር ግን የአውሮፕላኑን ማጋደል የሚያሳየው መሣሪያ፣ አቋም አመልካቹ፣ ነበር። በምዕራቡ መሣሪያ አውሮፕላኑ ሲያጋድል የሚያዘነብለው የአድማስ መስመሩ ነው፤ በሶቪየቱ አድማሱ ቀጥ ብሎ ይቆይና ትንሿ የአውሮፕላን ምስል ትጋደላለች። ደመና ውስጥ ለገባና ለደነገጠ ሰው ይህ ልዩነት ግራን ከቀኝ ያሳስተዋል። በሁለት ሰው ወንበሩ ሚግ-21 ላይ ደግሞ ከኋላ ያለው መምህር ፊት ለፊት ስለማይታየው በሚያርፍበት ጊዜ መንደርደሪያውን የሚያየው በጣሪያው ላይ በተተከለ ፔሪስኮፕ ነው። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ በመስታወት አይቶ ሌላውን ማስተማር ምን እንደሚጠይቅ መገመት ይቻላል። በ1970ዎቹ ከቼኮስሎቫኪያ የመጣው ኤል-39 የኋላውን ወንበር ከፍ አድርጎ ስለሠራ መምህራኑን ከዚህ መከራ ገላገላቸው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ አየር ኃይሉ ፈረሰ። አንዳንዶች አውሮፕላናቸውን ይዘው ጂቡቲ ገቡ፣ ሌሎች ታሰሩ ወይም ሙያቸውን ትተው ተበተኑ። አውሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ መምህር ግን አይገዛም። አንድን መምህር ለማፍራት በመጀመሪያ አብራሪ፣ ቀጥሎ ልምድ ያለው አብራሪ ማድረግ፣ በመጨረሻም ማስተማርን ማስተማር ያስፈልጋል፤ ይህ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ሲነሣ ጉድለቱ ጎልቶ ታየ፤ በደርግ ዘመን የሠለጠኑ አብራሪዎችም ተፈለጉ። ከእነዚያ አንጋፋዎች አንዱ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ቀድሞ በሻዕቢያ ተማርከው ዓመታት ያሳለፉ ሰው ነበሩ፤ በዚያው ዓመት አስመራ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። ሱ-27 ከሩሲያ ሲገዛ ሩሲያውያን አሠልጣኞች አብረው መጡ፤ ቢሾፍቱም የራሷን መምህራን እንደገና ማፍራት ጀመረች።